ከፋብሪካ ተቀንሻለሁ፤ ልሂድ ወይስ እዚሁ ልቆይ?

ወገን፣ እስቲ ምከሩኝ። ኮምቦልቻ አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ አራት ዓመት ሠራሁ፣ ባለፈው ወር "ትዕዛዝ የለም" ብለው መስመራችንን በሙሉ ቀነሱን። የክር መቀሷ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለች ነው የወጣሁት፣ ቤት ገብቼ ነው ያየኋት (ከጠየቁኝ እመልሳለሁ)።

ጓደኞቼ አዲስ አበባ ገብተው ነይ ይሉኛል። ግን አንድ ክፍል ለሦስት ተከራይተው ነው ያሉት፣ አንዷማ ካፌ ተቀጥራ ኪራይ ከከፈለች በኋላ የሚተርፋት ለታክሲም አይበቃም። እኔ ደሴ እናቴ ቤት ስለሆንኩ ኪራይ የለብኝም። ግን በየቀኑ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ የፋብሪካ በር ላይ ማስታወቂያ ማንበብ ሰለቸኝ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ከዚያ በየዓመቱ የዚያን ሲሶ፣ በቅነሳ ለወጣ ደግሞ የ60 ቀን ተጨማሪ አለ። ስደምረው የአራት ወር ደሞዝ ገደማ ነው፣ ገና አልሰጡኝም እንጂ።

ብሩ ሲገባ የስፌት መኪና ገዝቼ እዚሁ ልቀመጥ ወይስ ይዤው ልሂድ? አሁን ከሄድኩስ ክፍያውን ማን ይከታተልልኛል? የሄዳችሁም የቀራችሁም እውነቱን ንገሩኝ፣ "አብሽሪ" ብቻ እንዳትሉኝ።