ሕፃን ባለበት ቤት የባሕር ዛፍ ዘይት እንዴት ልጠቀም?

ጤና ይስጥልኝ። የበረኪና ሽታ አስም ያለበትን ባለቤቴን ስለሚያፍነው ቤታችንን በባሕር ዛፍና በጠጅ ሣር ዘይት ማጽዳት ጀምሬያለሁ፤ ግን ሁለት ነገር አላራምድ ብሎኛል።

የመጀመሪያው ቀላሉ ነው። ዘይቱን ውኃ በያዘ መርጫ ጠርሙስ ውስጥ ጠብ ሳደርገው ከላይ ይንሳፈፋል። የቱንም ያህል ብንጠው ተመልሶ ይለያያል፤ ጠረጴዛው ላይም ቅባታማ ነጠብጣብ ይተዋል። አስቀድሜ በፈሳሽ ሳሙና ልለውሰው ወይስ በአልኮል? አቼቶ የሚጨምሩም አሉ፤ የእኛ ወለል ግን እብነ በረድ ስለሆነ አሲዱ ይበላዋል ብዬ ትቼዋለሁ።

የከበደኝ ሌላው ነው። የ9 ወር ልጃችን አፍንጫዋ በተዘጋ ቁጥር አማቴ «ባሕር ዛፍ እያለ ምን ያስጨንቃል!» ብለው አፍንጫዋ ሥር ሊቀቧት ይነሳሉ። እርሳቸው ልጆቻቸውን በቅጠሉ እንፋሎት አጥነው አሳድገዋል፤ ክፋት የላቸውም። ነገር ግን ቅጠሉና ከእርሱ ነጥሮ የወጣው ዘይት በብርታት አይገናኙም። በውስጡ ያለው ሲኒዮል የሚባል ንጥረ ነገር ሕፃን ፊት ላይ ሲቀባ ትንፋሽ ሊያውክ፣ ከተዋጠም የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ጠርሙሱን ቆልፌበታለሁ፤ አማቴም አኩርፈዋል።

አፍንጫዋን በጨው ውኃ ከማጽዳት ሌላ እርሳቸውንም ደስ የሚያሰኝ ምን ላድርግ? ልጅቷ በምትድህበት ወለል ላይስ ዘይቱን መጠቀሜ ራሱ ደግ ነው? ባለቤቴን እስካሁን አላሳለውም፤ ብርቱ መዓዛ ግን አስምን ሊቀሰቅስ ስለሚችል ልቤ አላረፈም። በተለይ የሕፃናት ሐኪም ወይም ፋርማሲስት የሆናችሁ፣ እባካችሁ መልሱልኝ።