ስፓኒሽ፦ «እበላ ነበር» «ኮሚያ» ነው ወይስ «ኮሜሪያ»?

የድሬ አስጎብኚ
ሰላም። ለስፔን እንግዶች ሐረርን ለማሳየት ስፓኒሽ እየተማርኩ ነው። የመደበኛ ግሦች ኮንዲሽናል («ቢሆን አደርግ ነበር» የምንልበት ቅርጽ) ላይ ተያዝኩ። ከ«ኮሜር» (መብላት) «ኮሚያ»ም «ኮሜሪያ»ም ይወጣል፤ በአማርኛ ሁለቱም «እበላ ነበር» ሆኑብኝ። እነዚህንም እዩልኝ፦
«ሲ ቴንድሪያ ቲዬምፖ፣ ቢሲታሪያ ኤል ሙሴኦ» (ጊዜ ቢኖረኝ ሙዚየሙን እጎበኝ ነበር)
«ሌ ጉስታባ ቤር ላስ ዬናስ?» (ጅቦቹን ማየት ይፈልጋሉ?)

ከዚራ
አቦ፣ አወጣጡ ቀላል ነው። ግሡን መዝገበ ቃላት ላይ እንዳለ ውሰድና ምንም ሳትቆርጥ መድረሻውን ጨምር፦ ኢያ (እኔ)፣ ኢያስ (አንተ)፣ ኢያ (እሱ፣ እርስዎ)፣ ኢያሞስ (እኛ)፣ ኢያይስ (እናንተ፣ በስፔን)፣ ኢያን (እነሱ)። በአር፣ በኤርም በኢርም ለሚያልቁት መድረሻው ያው ነው፦ አብላሪያ፣ ኮሜሪያ፣ ቢቢሪያ። ብዙዎቹን ሌሎች ጊዜያት ስናረባ አር፣ ኤር፣ ኢርን መቁረጥ ስለለመድን እጃችን እዚህም ይቆርጣል፤ «ኮሚያ» የሚወጣው ያኔ ነው። አር ያላቸው አያምታቱም፣ ልማዱ (ድሮ ይደረግ የነበረውን የምንናገርበት ቅርጽ) «አብላባ» ስለሆነ።

«ር ከሰማሁ ኮንዲሽናል ነው» ብለህ ግን አትደምድም። «ኮሬር» (መሮጥ) ልማዱ «ኮሪያ»፣ ኮንዲሽናሉ «ኮሬሪያ» ነው። የምትፈልገው ር ሳይሆን ሙሉውን ግሥ ነው።

ድምፁ ሁሌም ኢ ላይ ይጠነክራል፤ ስትጽፍም በስድስቱም ላይ የአክሰንት ምልክቱን አትርሳ።

ጀጎል
ችግሩ ከአማርኛችን ነው፤ «እበላ ነበር» ሁለት ሥራ ይሠራል። ዓረፍተ ነገሩ «ድሮ» ወይም «ሁልጊዜ» ከተቀበለ «ኮሚያ»፤ «ቢ» ያለበት ሐረግ ከፊቱ ከተቀበለ «ኮሜሪያ»። «ልጅ ሳለሁ ሐላዋ እበላ ነበር» ኮሚያ፣ «ሐላዋ ቢኖር እበላ ነበር» ኮሜሪያ። ነገሩ አልፎ ከሆነ («በበላሁ ነበር») ሌላ ቅርጽ ይመጣል፦ «አብሪያ ኮሚዶ»።

የሰው ንግግር ስታወራ ደግሞ አማርኛው ምልክት አይሰጥህም። «እደርሳለሁ አለ» ስንል ግሡን እንዳለ እንተወዋለን፤ በስፓኒሽ «ዲኾ ኬ ዬጋሪያ» ይሆናል።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርህ ግማሹ ልክ ነው። ለዚህ ዓይነቱ «ቢ»፣ ከ«ሲ» ቀጥሎ ኮንዲሽናል አይገባም፤ «ቢ»ውን ሌላ ቅርጽ ይሸከመዋል፦ «ሲ *ቱቢዬራ* ቲዬምፖ፣ ቢሲታሪያ ኤል ሙሴኦ»። በሰሜን ስፔን፣ በባስክ አካባቢ፣ «ሲ ቴንድሪያ» የሚል ሰው ያጋጥምህ ይሆናል። የአገሩ ሰው ነው፣ ይቅር ይባላል፤ አንተን ግን ያርሙሃል።

ከዚራ
ሁለተኛውን ልጨምር። «ጉስታባ» ስትል «ድሮ ጅብ ማየት ይወዱ ነበር?» ብለህ ጠየቅኸው። የትህትናው ጥያቄ «ሌ ጉስታሪያ ቤር ላስ ዬናስ?» ነው። «ሌ» ለእርስዎ፣ «ቴ» ለአንተና ለአንቺ። ድሬ ሁሉንም «አንተ» ማለት ይቀናናል፤ በዕድሜ ጠና ላለ እንግዳ ግን በ«ሌ» ጀምር።

እንግዶቹ ብዙ ከሆኑ «ሌስ ጉስታሪያ ቤር…» በል። ግሡን «ጉስታሪያን» አታድርገው፤ የሚገዛው «ማየት» ነው እንጂ ሰዎቹ አይደሉም።

የድሬ አስጎብኚ
ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። «ጠዋት ብንሄድ ይሻላል» ለማለትስ? «ሴር» መደበኛ ስላልሆነ ፈራሁት።

ጀጎል
በአሁን ጊዜ ነው የሚያስቸግረው፤ እዚህ ጨዋ ነው፦ «ሴሪያ ሜኾር ኢር ፖር ላ ማኛና»። «ኢር» እና «ኤስታር»ም እንደዚሁ፣ ኢሪያ፣ ኤስታሪያ። ግንዳቸውን የሚቀይሩት 12 ያህል ግሦች ናቸው። መድረሻቸው ያው ስለሆነ ግንዱን ብቻ አጥና፤ ከአራቱ ጀምር፦ ቴኔር ቴንድሪያ፣ ፖዴር ፖድሪያ፣ አሴር አሪያ፣ ዴሲር ዲሪያ።