የጋራ ፊልማችን ስምና የተመልካች ግምት፦ ምክረ ሐሳቡን ለማጠናቀቅ

ሰብሳቢ፦
ውድ አባላት፣ ሁለቱን ልዕለ ጀግኖቻችንን፣ መብረቂትንና ጥላውን፣ በአንድ ፊልም ለማገናኘት ተስማምተናል። ለአዘጋጆቹ የምናስገባው ምክረ ሐሳብ ግን ሁለት ባዶ ቦታ ቀርቶታል፤ የፊልሙ ስምና የተመልካች ግምት። ለየብቻ ልናያቸው አስቤ ነበር፣ አልሆነም። ማን እንደሚመጣ ሳናውቅ ለማን ብለን ስም እናወጣለን? እስካሁን የቀረቡት «መብረቅ የጣለው ጥላ»፣ «የሁለቱ ውጊያ» እና «መብረቂትና ጥላው» ናቸው። አስተያየታችሁን ከነምክንያቱ ጻፉልን።

የመብረቂት ደራሲ፦
«መብረቅ የጣለው ጥላ»ን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ሰሙ መብረቅ ሲበርቅ መሬት ላይ የሚያርፈው ጥላ ነው፤ ወርቁ ጥላው በመብረቂት እጅ መውደቁ። የታሪኩም እምብርት እዚያው ላይ ነው። ጥላው ጉልበት የሚያገኘው ብርሃን ሲኖር ነው፤ ስለዚህ መብረቂት በመታችው ቁጥር ይበረታል። ልትጥለው ስትል ታቆመዋለች። ይህን በሦስት ቃል የሚይዝ ሌላ ስም እስካሁን አላገኘሁም።

የጥላው ሠዓሊ፦
ቅኔው ያምራል፣ ከልቤ ነው። ነገር ግን የጥላውን ታሪክ ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ የተከተለ ሰው ጀግናው ገና በስሙ ላይ ተሸንፎ ቢያገኘው ቅር ይለዋል። ሌላው ደግሞ፣ ታሪኮቹን ጨርሶ የማያውቅ ሰው ይህን ስም ሲሰማ ሁለት ጀግኖች እንደሚገናኙ በምን ያውቃል? ቅኔ የሚፈታው ታሪኩን ለሚያውቅ ነው። «የሁለቱ ውጊያ» ደግሞ ማንንም አይጠራም፤ ከዝርዝሩ ቢወጣ እመርጣለሁ።

ሒሳብ ያዥ፦
ግምቱን እኔ ጀምሬዋለሁ። መነሻዬ ቀላል ነው፦ የመብረቂት አንባቢዎች ሲደመሩ የጥላው አንባቢዎች። ለምሳሌ እሷ 100፣ እሱ 60 ቢኖራቸው 160 ተመልካች በእጃችን አለ ማለት ነው። በዚያ ላይ ወሬው የሚያመጣው አዲስ ሰው ይጨመራል።

የጥናት ክፍል ተጠሪ፦
ወንድሜ፣ በዚህ ድምር ላይ ቆም ማለት አለብን፤ ብዙ የጋራ ፊልም የተሳሳተው እዚህ ጋ ነውና። ከ60ዎቹ 40ዎቹ መብረቂትንም የሚያነቡ ከሆነ ያለን ሰው 120 ነው። ይሄ ደግሞ ትንሹ ስሕተት ነው። ትልቁ የቀሩት 80 ሰዎች ጉዳይ ነው። አንዱን ብቻ የሚያውቅ ሰው «የሌላውን ሳላነብ ይገባኛል ወይ?» ብሎ ያመነታል። በ2023 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የወጣው «ዘ ማርቭልስ» ሦስት ጀግኖችን ሲያገናኝ ሁለቱ በደንብ የሚታወቁት በቴሌቪዥን ተከታታዮች ነበር። የመጀመሪያዋ ጀግና በ2019 ለብቻዋ የወጣችበት «ካፒቴን ማርቭል» በዓለም ዙሪያ ከ1.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲያስገባ፣ ሦስቱ የተገናኙበት ወደ 206 ሚሊዮን አካባቢ ላይ ቆመ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ በተዋንያን የሥራ ማቆም አድማ የተነሳ ተዋንያኑ ፊልሙን ወጥተው ማስተዋወቅ አልቻሉም ነበር። ቢሆንም ጀግና በተጨመረ ቁጥር ተመልካች ይጨመራል የሚለውን እምነት ለማፍረስ ይበቃል።

ሌላም ነገር አለ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ከጠቅላላው ለይተን እንገምት። በ2012 የወጣው፣ ብዙ ጀግኖችን ያገናኘው «ዘ አቬንጀርስ» በአሜሪካና ካናዳ በመክፈቻው ወደ 207 ሚሊዮን ዶላር አስገባ፤ በዚያው ገበያ ሲጨርስ 623 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ይህ የመክፈቻው ሦስት እጥፍ ነው። በ2016 «ባትማን ቪ ሱፐርማን» በ166 ሚሊዮን ከፈተ፣ በ330 ሚሊዮን ጨረሰ፤ ሁለት እጥፍ ብቻ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ገቢው ወደ 69 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር። ዓለም ሁሉ የሚያውቃቸው ሁለት ስሞች ሰውን የመጀመሪያ ቀን አመጡት፤ አይቶ የወጣው ግን ሌላውን አላመጣም። እኔ የማነበው እንዲህ ነው፦ መክፈቻው የስሙ ሥራ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የፊልሙ። ምክረ ሐሳባችን በስሙ ላይ ልንጭን የምንችለው የመክፈቻውን ግምት ብቻ ነው።

ሒሳብ ያዥ፦
እህቴ፣ ተቀብያለሁ። 160ን ሰርዣለሁ። መነሻዬን ሁለቱንም በሚያነቡት ላይ አደርጋለሁ፣ እነሱ እንደሚመጡ እርግጠኛ ነኝና። አንዱን ብቻ ከሚያነቡት ግማሹን እወስዳለሁ፤ ግማሽ ያልኩት በመጠይቅ እስክናረጋግጠው ድረስ ነው። ምንም ያላነበበውን ለመክፈቻው አልቆጥረውም። ጠቅላላውን ደግሞ በአንድ ቁጥር ሳይሆን ከሁለት እጥፍ እስከ ሦስት እጥፍ ብዬ አስቀምጣለሁ። በምሳሌው ከሄድን 40 እና 40፣ መክፈቻው 80፤ ጠቅላላው ከ160 እስከ 240። 160 ተመልሶ መጣ፣ አሁን ግን የሁሉም ሳምንታት ወለል ሆኖ ነው።

የመብረቂት ደራሲ፦
እንግዲያው ስሙ አንዱን ብቻ ለሚያውቀው ሰው መናገር አለበት ማለት ነው። የእኔ ስም ለ40ዎቹ ነበር፤ እነሱ ደግሞ ያለ ቅኔም ይመጣሉ። ከዝርዝሩ አውጡት። በፊልሙ ውስጥ ግን ንግግር ሆኖ እንዲገባ እጠይቃለሁ፣ ጥላው ራሱ ይበለው።

ጸሐፊ፦
ለዚህ ቅንነትሽ እናመሰግናለን። ቃለ ጉባኤው ላይ አስፍሬዋለሁ።

በስሙ ላይ አንድ ሐሳብ አለኝ። እንግሊዝኛው ከመጀመሪያው ወገን ይመርጣል፤ ወይ «ቪ» ብሎ ያጣላል፣ ወይ በ2024 እንደወጣው «ዴድፑል ኤንድ ዎልቨሪን» በ«ኤንድ» ያጣምራል። የእኛ «ጋር» ግን ሁለቱንም ይዛ ትቀመጣለች። ከእሱ ጋር ተጣላች እንላለን፣ ከእሱ ጋር ታረቀች እንላለን። «መብረቂት ከጥላው ጋር» ብንል ግሡ ይጎድላል። ተዋጋች? ተባበረች? ሰው ግሡን ፍለጋ ይገባል። ታሪኩም እኮ ጠብ ሆኖ ተጀምሮ ሌላ ነገር የሚሆን ነው። «መብረቂትና ጥላው» ግን ከመነሻው አስታርቋቸው ቁጭ ይላል።

የጥላው ሠዓሊ፦
«ጋር»ን ወድጃታለሁ። የምጠይቀው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። ለምን «ጥላው ከመብረቂት ጋር» አይሆንም? ስለ ክብር ብዬ አይደለም። በዚህ አባባል ቀድሞ የሚጠራው አድራጊው ነው፣ ተመልካችም በእሱ ዓይን ሊያይ ተዘጋጅቶ ይመጣል።

የመብረቂት ደራሲ፦
ትክክል ነህ፣ በዚሁ እንፍረድ። በረቂቁ ማን ነው ወደ ማን የሚሄደው? ወንድሟን ፍለጋ ወደ ጨለማው ሰፈር የምትወርደው መብረቂት ናት። ጥላው ያለበት ሆኖ ነው የሚጠብቃት። ረቂቁ ከተቀየረና እሱ ከመጣ ስሙም ይገልበጥ፣ እኔ አልከራከርም።

የጥላው ሠዓሊ፦
በዚህ ተስማምቻለሁ።

አዲስ አባል፦
ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት። ስሙን ምንም ሳላብራራ ለታናሽ እህቴ በቃል ብቻ ነገርኳት። መጀመሪያ «መብረቅ ከጥላ ጋር» ነበር ያልኳት፣ አሳጥሬ። «የዝናብ ፊልም ነው?» አለችኝ። ጥላ ስትሰማ የሚያዝ ጃንጥላ ነው የመጣባት። «መብረቂት ከጥላው ጋር» ስላት ግን «ጥላው ማነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

የጥናት ክፍል ተጠሪ፦
ይህ አስተያየት ከእኔ ቁጥሮች ሁሉ ይበልጣል። «ምንድነው» ሳይሆን «ማነው» ማለቷ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። «-ት» እና «-ው» ዕቃውን ሰው አደረጉት፤ ስለዚህ በፖስተርም በወሬም ስሙ እንዳይቆረጥ። ሰው ማሳጠር ይወዳል፤ በ2020 «በርድስ ኦቭ ፕሬይ» ረጅም ስም ይዞ ወጥቶ መክፈቻው ሲደክም፣ ሲኒማ ቤቶች ዝርዝራቸው ላይ የታወቀችውን ጀግና ሃርሊ ክዊንን ወደ ፊት አምጥተው ጻፉት። ስሙን እኛ አስተካክለን ካልሰጠን ሌላ ሰው ያስተካክልልናል።

ስሙን በጆሮ መፈተኑንም በምክረ ሐሳቡ እናስገባው። ሁለቱን የሚያውቁ፣ አንዱን የሚያውቁ፣ አንዱንም የማያውቁ። ያለ ሥዕል፣ በቃል ብቻ። የምንጠይቀው «ወደድከው?» ብለን አይደለም፤ «ስለ ምን ይመስልሃል?» ብለን ነው።

ሰብሳቢ፦
ቀደም ሲል ሌላ ሥራ በዚህ ስም አለመውጣቱንም ማጣራት አለብን። «ዘ አቬንጀርስ» ራሱ በብሪታንያ «ማርቭል አቬንጀርስ አሴምብል» ተብሎ የታየው እዚያ በ1960ዎቹ የተወደደ ተመሳሳይ ስም ያለው የቴሌቪዥን ድራማ ስለነበረ ነው። ጸሐፊያችን ይህን ይያዙልን።

ጸሐፊ፦
ይዣለሁ። ለምክረ ሐሳቡ ያዘጋጀሁት አንቀጽ ይኸው፦

«የፊልሙ ጊዜያዊ ስም ‹መብረቂት ከጥላው ጋር› ነው፤ ተለዋጩ ‹መብረቂትና ጥላው›። ሁለቱም በሦስት የተመልካች ወገን ዘንድ በጆሮ ብቻ ይፈተናሉ። የመክፈቻ ግምታችን ሁለቱንም ታሪክ በሚያነቡና አንዱን ብቻ ከሚያነቡት በግማሹ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ግማሽ የተባለው በመጠይቁ ውጤት ይተካል። ጠቅላላው ከመክፈቻው ሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይገመታል። አንዱን ታሪክ ብቻ የሚያውቅ ተመልካች ፊልሙን ያለ ቅድመ ንባብ እንዲረዳው ረቂቁ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሁለቱንም ጀግኖች ያስተዋውቃል።»

የጥላው ሠዓሊ፦
የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ወደ ላይ አምጡት፤ አዘጋጆቹ መጀመሪያ የሚጠይቁን እሱን ነው። የማስተዋወቂያውን ትዕይንት ሥዕል ከደራሲዋ ጋር ሆነን እስከ ሚቀጥለው ስብሰባ እናደርሳለን።