ስኳሬ 118 ነው አሉኝ፣ አለብኝ ማለት ነው?

ሰላም ወገኖች፣ ባህርዳር ቀበሌ 14 ነኝ፣ እድሜዬ 38። እናቴ ስኳር ስላለባት ፈራሁና ጠዋት ሄጄ በባዶ ሆድ የሚባለውን ተመረመርኩ 118 ወጣ፣ ልጅቷ ወረቀቱን ሰጥታኝ "ትንሽ ከፍ ብሏል ጣፋጭ ቀንስ" ብላ ቀጣዩን ሰው ጠራች፣ በቃ። ቤት ገብቼ ሳነብ ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር ነው፣ 126 እና ከዛ በላይ በድጋሚም ከወጣ ነው ስኳር የሚባለው ይላል። ግን እውነቱን ልናገር፣ ከመሄዴ በፊት ሻይ በሁለት ማንኪያ ስኳር ጠጥቻለሁ፣ የሚከለከለው ምግብ ብቻ መስሎኝ ነዋ! ታዲያ ይሄ ውጤት ይቆጠራል ወይስ ለ8 ሰዓት ያህል ውሃ ብቻ ጠጥቼ ልድገመው? የ3 ወሩን የስኳር አማካይ የሚያሳየው ኤዋንሲ (A1C) የሚባለው የደም ምርመራስ ይሻላል? ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ላይ ተቀምጬ ነው የምውለው፣ ማታ ደሞ ሀይቅ ዳር አሳ ጥብስ በለስላሳ... እሱም ይቅር እንዴ? የገባው ይንገረኝ በናታችሁ