ሦስት የምሥረታ ዓመት ያለው ትንሽ የፉቲ ክለብ፦ ታሪኩ ሲጻፍ የቱ ይያዝ?

የምዕራቡ

ሰላም ለቤቱ። በሜልበርን ምዕራብ ለሚገኝ አንድ የሰፈር ፉቲ ክለብ (የአውስትራሊያውን ማለቴ ነው፣ ክቡን ኳስ አይደለም) የታሪክ መጽሔት እየተዘጋጀ ነው። በታዳጊ ቡድኖቹ የሐበሻ ልጆች ስላሉ አጭር የአማርኛ ክፍልም ይኖረዋል። በእጅ ያለው ይኼ ነው፦ ከ1950ዎቹ ወዲህ ያሉ አራት የቃለ ጉባኤ መዝገቦች፣ አንድ ካርቶን ፎቶ፣ ሁለት የሱፍ ማሊያና ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የክብር ሰሌዳ። ችግሩ የምሥረታው ዓመት ነው። ሰሌዳው 1933 ይላል፣ አንድ ዋንጫ ላይ 1931 ተቀርጿል፣ የመንግሥት ምዝገባው ደግሞ 1985 ነው። የቱ ይያዝ? ከ1950 በፊት ያለውስ ከየት ይገኛል? ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ማኅደረኛው

ሦስቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ እያንዳንዱ የሚመልሰው ጥያቄ ሌላ ነው።

1985ን መጀመሪያ ያውጡት። ቪክቶሪያ (ሜልበርን ያለችበት ክፍለ ግዛት) ውስጥ ትንንሽ ማኅበራት ሕጋዊ ሰውነት እንዲያገኙ ያስቻለው አዋጅ የ1981 ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ክለብ በሕግ ፊት የሰዎች ስብስብ ብቻ ነበር፤ ውል የሚፈርሙትም ለዕዳ የሚጠየቁትም የኮሚቴ አባላት በየግላቸው ነበሩ። ስለዚህ በ1980ዎቹ ክለቦች ተከታትለው ተመዘገቡ። በኤ ፊደል የሚጀምር ቁጥር ያለው ያ ወረቀት የቀበሌ መታወቂያ እንጂ የልደት ካርድ አይደለም።

1931 ደግሞ ያጠራጥራል። የፉትስክሬይ ዲስትሪክት ሊግ፣ ኋላ የምዕራብ ቀጠና ሊግ የተባለው፣ የተጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ዋንጫው ላይ የተቀረጸው የሊጉ ዓመት ሊሆን ይችላል። ዋንጫውን ገልብጠው ከሥር ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ የለጋሹ ስምና የውድድሩ ስም ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው፤ ሰዎች ግን የፊቱን ብቻ ፎቶ አንስተው ይሄዳሉ።

1933ን ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው በዘመኑ የታተመ ማስረጃ ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የተቀባ ሰሌዳ ማስረጃ አይሆንም። ውድድሩ የሚጀምረው በሚያዝያ ግድም ስለሆነ የምሥረታ ስብሰባ ዜና የሚወጣው በየካቲትና በመጋቢት ነው። ዜናው ሲገኝ ግሡን ይጠንቀቁ፦ «ተመሠረተ» ነው ወይስ «እንደገና ተቋቋመ»? ሁለተኛው ከሆነ ከጀርባው ሌላ ክለብ አለ ማለት ነው።

መጽሔቱ ላይ አንድ ዓመት ብቻ ከመለጠፍ ሦስት መስመር ይጻፉ፦ የመጀመሪያው የታወቀ ጨዋታ፣ መጀመሪያ የተቀላቀለው ሊግ፣ ሕጋዊ ምዝገባ። ታላላቆቹም ቢሆኑ ከዚህ ጣጣ አልዳኑም። ፊትዝሮይ በ1883 ተመሠረተ፤ በ1996 መጨረሻ በኤኤፍኤል (በአገር አቀፉ ከፍተኛ ሊግ) የሚጫወተው ቡድኑ ከብሪዝበን ቤርስ ጋር ተዋሕዶ ብሪዝበን ላየንስ ሆነ፤ ክለቡ ግን ሳይፈርስ ቆይቶ በ2009 በቪክቶሪያ አማተር ሊግ ወደ ሜዳ ተመለሰ። «በ1996 ሞተ» የሚልም «ዛሬም አለ» የሚልም ሰው ያገኛሉ፤ አንዱ ስለ ቡድኑ፣ ሌላው ስለ ማኅበሩ ነው የሚያወራው።

ጋዜጣ ቆፋሪ

ከ1950 በፊት ላለው ትሮቭ ነው። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነጻ የጋዜጣ ክምችት ነው። ለእርስዎ ሰፈር የሚጠቅሙት ሰንሻይን አድቮኬት፣ ዊልያምስታውን ክሮኒክልና ስፖርቲንግ ግሎብ ናቸው። አብዛኞቹ ጋዜጦች 1954 ላይ ይቆማሉ፤ አርገስ እስከ 1957 ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ ያለውን ስዋንስተን ጎዳና ያለው የቪክቶሪያ ስቴት ቤተ መጻሕፍት ሄዶ ማይክሮፊልም ማዞር ነው፤ አቋራጭ የለውም።

የክለቡን ስም ብቻ ጽፈው አይፈልጉ። ጽሑፉን ከምስሉ ያነበበው ማሽን ስለሆነ ፊደል ያሳስታል፤ በእንግሊዝኛው ፉትስክሬይ ውስጥ ያለችው «ሲ» «ኢ» ሆና ስለምትነበብ የክለቡ ዜና ፊት ለፊት ተቀምጦ «ምንም አልተገኘም» ይልዎታል። ስለዚህ በተጋጣሚው ስም፣ በሜዳው ስም፣ «ዓመታዊ ስብሰባ» እና «ዓመታዊ የዳንስ ምሽት» በሚሉት ሐረጎች እንግሊዝኛ ይፈልጉ። ውጤቱን በአንድ ጋዜጣና በአሥር ዓመት ያጥብቡት። የተሳሳተውን መስመር እዚያው ማረም ይቻላል፤ ለሚቀጥለው ፈላጊም ይጠቅማል።

የቦታ ስምም ይቀየራል። ሰንሻይን እስከ 1907 ብሬይብሩክ ጃንክሽን ነበር፤ የማኬይ የሰንሻይን ማጨጃ ፋብሪካ ከባላራት ከመጣ በኋላ ነው ሰፈሩ የማሽኑን ስም የወሰደው። የማሪበርኖንግ ወንዝም በድሮ ጋዜጦች «ሶልትወተር» ነው። ይኼን ያላወቀ ሰው ግማሹን ታሪክ ሳያየው ያልፋል።

ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ «ባለፈው ቅዳሜ» ሲል ቀኑን ከሕትመቱ ቀን ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ደግሞ በአንድ ዜና ብቻ ውጤት አይዝጉ። ሳይፈቀድለት የተጫወተ ሰው ተገኝቶ አቤቱታ ከቀረበ ነጥቡ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ሊገለበጥ ይችላል። ቀጣዮቹን ሦስት እትሞች ሳያዩ ሠንጠረዥ አይሥሩ።

ቆጣሪው

ቆፋሪ በደንብ አስቀምጦታል፤ አንድ ወጥመድ ልጨምር። በድሮ ጋዜጦች «ጁኒየር ፉትቦል» ማለት የልጆች ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከዋናዎቹ ሊጎች በታች የሚጫወቱ ጎልማሶችም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ባለ ጺም ሠራተኛ የተሰለፈበትን ቡድን «ታዳጊዎች» ብለው የጻፉ መጽሔቶች አሉ።

አሁን ስለ ውጤት። በሁለቱ ረጃጅም ቋሚዎች መካከል የገባ ጎል 6 ነጥብ ነው። በረጅሙና በውጪኛው አጭር ቋሚ መካከል ያለፈ ቢሃይንድ 1 ነጥብ ነው። ጋዜጣ 9.13 (67) ብሎ ከጻፈ፦ 9 ጊዜ 6 ሃምሳ አራት፣ ሲደመር 13፣ ስልሳ ሰባት። ማሽኑ 9.18 (67) ብሎ ካነበበው ሒሳቡ 72 ስለሚመጣ ስህተቱ ወዲያው ይጋለጣል። እያንዳንዱን ውጤት እንዲህ አባዝቶ መፈተሽ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ የቀመር ሠንጠረዥ ካዘጋጁ ደግሞ ራሱ በቀይ ያሳይዎታል።

ከ1897 በፊት ግን ይህ ስሌት አይሠራም። ነጥብ የመጣው ቪኤፍኤል የተባለው ሊግ (የኋላው ኤኤፍኤል) በዚያ ዓመት ሲጀምር ነው። ከዚያ በፊት ቢሃይንድ ይጻፋል እንጂ አይቆጠርም፤ 4.2 ያገባ 3.14 ያገባውን ያሸንፋል። የእርስዎ ክለብ እዚያ ድረስ ባይሄድም ከኋላው ያለ ቀዳሚ ክለብ ከተገኘ ያስፈልግዎታል።

የተጫዋች ቁጥርም ያምታታል። ቡድን 20 ሰው ነበር፣ በ1899 ወደ 18 ወረደ። ቪኤፍኤ የተባለው ሌላው የቪክቶሪያ ውድድር ደግሞ ከ1959 ጀምሮ ለብዙ ዓመት በ16 ተጫውቷል፤ ስለዚህ ከክለቡ ወጥቶ ወደ ያራቪል ወይም ወደ ሰንሻይን የቪኤፍኤ ቡድን ያለፈ ሰው ካለ፣ በአሰላለፉ ሁለት ስም ጎደለ ብለው አይፈልጉ።

የምዕራቡ

እጅግ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ለ1930ዎቹ አንድ ዓመት፣ ክለቡ በግማሽ ፍጻሜ እንደተሸነፈ ተጽፎ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግራንድ ፋይናል ሲጫወት ይታያል። የሕትመት ስህተት ነው? ሁለተኛ፣ ዋንጫ ወስዷል የሚባልበት አንድ ዓመት ምንም የፍጻሜ ጨዋታ አላገኘሁለትም።

ቆጣሪው

የመጀመሪያው ስህተት አይደለም። ቪኤፍኤል በ1931 የፔጅና ማኪንታየር የተባለውን ሥርዓት ያዘ፤ ሌሎች ሊጎችም በየጊዜያቸው ተከተሉት። ከመደበኛው ውድድር በኋላ አራት ቡድን ወደ ማጣሪያው ይገባል። 3ኛና 4ኛ ይገጥማሉ፣ የተሸነፈው ይሰናበታል። 1ኛና 2ኛ ይገጥማሉ፣ አሸናፊው ቀጥታ ወደ ግራንድ ፋይናል ያልፋል፣ ተሸናፊው ግን አንድ ዕድል ይቀረዋል፦ ከ3ኛና 4ኛው አሸናፊ ጋር በቅድመ ፍጻሜ ይጋጠማል። የእርስዎ ክለብ ከ1ኛና 2ኛ አንዱ ሆኖ ተሸንፎ፣ ቀጥሎ ያለውን ቅዳሜ አሸንፎ ገብቷል ማለት ነው። የጎደለዎት የመካከለኛው ቅዳሜ ዜና ነው፤ እሱን ይፈልጉ።

ሁለተኛው ከቀድሞው ሥርዓት የመጣ ይመስላል። በዚያ ሥርዓት በመደበኛው ውድድር አንደኛ የወጣ ቡድን በማጣሪያው ቢሸነፍ «ልገዳደር» ብሎ አንድ ተጨማሪ ጨዋታ የመጠየቅ መብት ነበረው። ካልተሸነፈ ግን ተጨማሪው ጨዋታ አያስፈልግም፣ ውድድሩ እዚያው ያበቃል። ስለዚህ «ግራንድ ፋይናል» የሚል ቃል ሳይታተም ዋንጫ የተወሰደባቸው ዓመቶች አሉ። ሌላም አለ፦ አንዳንዱ «አንደኛ ወጣን» የሚለው የመደበኛውን ሠንጠረዥ አንደኝነት ነው፤ እሱ ዋንጫ አይደለም። በክብር ሰሌዳ ላይ ሁለቱ ሲቀላቀሉ በጣም የተለመደ ነው።

ሠንጠረዥና ዋንጫ ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማየት 1916ን ይመልከቱ። በጦርነቱ ምክንያት በቪኤፍኤል የተጫወቱት አራት ክለቦች ብቻ ነበሩ፤ ፊትዝሮይ ከአራቱ መጨረሻ ወጣ፣ አራቱም ወደ ማጣሪያ ስለገቡ ዋንጫውን ወሰደ። በአንድ ዓመት ጅራትም ራስም።

ሣጥን ጠባቂ

ስለ ዕቃዎቹ ማንም ስላልተናገረ እኔ ልበል። በተለይ ማሊያዎቹ አስቸኳይ ናቸው።

የሱፍ ማሊያ ላይ ትንንሽ ክብ ቀዳዳ ወይም አሸዋ የመሰለ ፍርፋሪ ካዩ ብል አለ። አያጥቡት። አየር በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልለው የቤት ፍሪዘር ውስጥ በ-18 ዲግሪ ለ2 ሳምንት ያኑሩት። ሲያወጡት ላስቲኩን ሳይከፍቱ 24 ሰዓት ይጠብቁ፤ አለበለዚያ ጤዛው ጨርቁ ላይ ያርፋል። ከዚያ መስቀያ ላይ አይሰቀልም፣ ትከሻው በራሱ ክብደት ይረግባል። አሲድ በሌለው ስስ ወረቀት እጥፋቱን ሞልተው አስተኝተው ያስቀምጡ።

ፎቶዎቹ በሚጣበቅ አልበም ውስጥ ከሆኑ በጣት አይላጡ። የጥርስ ክር ከሥሩ አስገብተው ቀስ እያሉ እንደ መጋዝ ይሳቡት። አልላቀቅ ካለ ገጹን እንዳለ ስካን ያድርጉ፣ ቢያንስ በ600 ዲፒአይ፣ በቲፍ ፋይል። ጀርባው ላይ በእስክሪቢቶ መጻፍ ክልክል ነው፤ በ2ቢ እርሳስ፣ ጠርዙ ላይ፣ ሳይጫኑ። ላሚኔት የሚባል ነገር ከነጭራሹ አይታሰብ፣ ተመልሶ አይነሣም።

ቀን የሌለው የቡድን ፎቶ ከሆነ መጀመሪያ ኳሷን ይመልከቱ። ፊት ለፊት በተቀመጠው ሰው እግር ሥር ባለችው ኳስ ላይ በነጭ ቀለም ዓመቱን መጻፍ የቆየ ልማድ ነው፤ በአጉሊ መነጽር ወይም ስካኑን አስፍተው ያንብቡት። ቁጥሩ ወይም ደረት ላይ ያለው ፊደል የተገለበጠ ከመሰለ ፎቶው የታተመው ኔጌቲቩ (የፎቶ ፊልሙ) ተገልብጦ ነው፤ ያ ከሆነ «ከግራ ወደ ቀኝ» የሚለው የስም ዝርዝርም ላይገጥም ይችላል።

ሰሌዳው ይታደስ ከተባለ ከመነካቱ በፊት በጎን ብርሃን ፎቶ ይነሣ። በወርቅ ቀለም ሥር የቀድሞው ፊደል ጉብታ ይታያል፣ ባለፈው እድሳት የተሳሳተ ስም የሚያዘው እንዲህ ነው። የዘማቾች ስም ካለበት በብሔራዊ መዝገብ ቤት ያመሳክሩ፦ የአንደኛው ዓለም ጦርነት ፋይሎች ቢ2455፣ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ጦር ሠራዊት ደግሞ ቢ883 እና ቢ884 በሚባሉት ተከታታይ መዝገቦች ውስጥ ናቸው።

ማኅደረኛው

ስለ ቃለ ጉባኤዎቹ አንድ ማሳሰቢያ። ውስጣቸው የቅጣት ውሳኔ፣ ያልተከፈለ መዋጮ፣ «እገሌ በሳምንቱ መጨረሻ ሰክሮ» የሚል ሁሉ ይኖራል፤ ባለቤቶቹ ወይም ልጆቻቸው ዛሬም ከሜዳው ዳር ቆመው ጨዋታ ያያሉ። ለታሪክ የሚያስፈልገው ሊጉ፣ ሜዳው፣ የተመረጡ ኃላፊዎች፣ የማሊያ ቀለም የተለወጠበት ውሳኔና የገንዘብ ያዡ የዓመት መዝጊያ ቁጥር ነው። የገንዘብ ያዡን ገጽ አይዝለሉት። በአንድ ዓመት የሜዳ ኪራይ ወጪ ድንገት ከጠፋ ክለቡ ወይ ሜዳ ቀይሯል ወይ አልተጫወተም፣ ያንን ዓመት ጋዜጣው ላይ ለብቻው ይፈልጉት።

ከ1942 እስከ 1945 ያለው ክፍተት ግን አያስጨንቅዎ። ቪኤፍኤ ራሱ ከ1942 እስከ 1944 ውድድሩን አቁሞ ነበር። ወጣቱ ዘምቶ ሜዳዎችም ለሠራዊቱ ሲያስፈልጉ ትንንሾቹ ክለቦች የማቆማቸው ነገር አያስገርምም። ሰሌዳው ላይ ባዶ መስመር ካለ ባዶውን እንዳለ ይተዉት፣ «ጦርነት» ብለው ብቻ ይጻፉበት።

የምዕራቡ

ዋንጫውን ገልብጬ አየሁት። ከሥሩ የሊጉ ስም ሳይሆን የአንድ ፋብሪካ የውስጥ ውድድር ስም ነው ያለው።

ማኅደረኛው

እንግዲያው 1931 ከምሥረታው ዝርዝር ወጣ፣ ግን ዋንጫውን አይጣሉት። የፋብሪካ ቡድን ሲበተን ተጫዋቾቹ ማሊያና ኳሳቸውን ይዘው ወደ ሰፈር ክለብ መሄዳቸው የተለመደ ነበር። በ1931 የፋብሪካው ቡድን ውስጥ ያሉትን ስሞች በጋዜጣ ያውጡና ከ1933 የመጀመሪያ አሰላለፍ ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። ሰባት ስምንት ስም ከገጠመ ሰሌዳው ላይ ያለው ዓመት ሳይነካ ክለቡ ከየት እንደመጣ ተገኘ ማለት ነው።