የወር አበባ መብዛት፣ ማዮማ፣ እና ድሬ መጥቶ ኦፕሬሽን የመደረግ ነገር

ከፍራንክፈርት

ሰላም ለድሬና ለሐረር ልጆች፣ በያላችሁበት። የኔ ጉዳይ ማዮማ ነው። እዚህ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አይቶ ዕጢ አለሽ አለኝ። ፔሬዴ ሲመጣ ሞዴስ ደርቤ ነው ሥራ የምሄደው። ስለ ኦፕሬሽን አንስቶ ብዙ አወራ፣ ግማሹ አልገባኝም። እማዬ በስልክ «ነይና እዚሁ ታከሚ፣ እኔ አለሁልሽ» ትላለች። አክስቴ ደግሞ «ማህፀንሽን እንዳያወጡብሽ!» ብላ እንቅልፍ ነሳችኝ። የዓመት ፈቃዴን ይዤ ክረምት ላይ ድሬ ልምጣና ልገላገለው እያልኩ ነው። ገና አልወለድኩም። ምን ትሉኛላችሁ?

ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን

አቦ አትደንግጪ። ውጭ አገር በሴቶች ሕክምና ክፍል ነርስ ሆኜ ከሠራሁ በኋላ ነው ወደ ድሬ የተመለስኩት። ሐኪም አይደለሁም፣ መድኃኒትም አላዝም። የማውቀውን ግን ልንገርሽ።

ማዮማ ከማህፀን ጡንቻ የሚያድግ ዕጢ ነው። ካንሰር ሆኖ የሚገኘው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። በጥቁር ሴቶች ላይ ይበዛል፣ ቶሎ ይጀምራል፣ ተለቅም ይላል። የሚያድገው በሴት ሆርሞን ስለሆነ የወር አበባ ሲቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ እያነሰ ይሄዳል። ይዛው እየኖረች ምንም የማታውቅ ሴት ሞልታለች።

ከመጠኑ ይልቅ ቦታውን ጠይቂ። ወደ ማህፀን ውስጠኛው ክፍተት የገባ ትንሽ ዕጢ ደም ያበዛል፣ ለእርግዝናም ያስቸግራል። ወደ ውጭ ያደገ ትልቅ ዕጢ ግን ደም ላያበዛ ይችላል። እሱ ፊኛን ተጭኖ ሽንት ቤት ያመላልሳል፣ ወይም ሆድ ያደርቃል። ስለዚህ «ዕጢ አለሽ» በሚል ቃል ብቻ ተሸኝተሽ አትውጪ። የአልትራሳውንዱን ሪፖርት በወረቀት ውሰጂ። ስንት እንደሆኑ፣ በሴንቲ ሜትር ስንት እንደሚያህሉ፣ የት እንዳሉ ይጻፍልሽ። ሐኪሞች ለቦታው ከ0 እስከ 8 ቁጥር ይሰጣሉ። 0፣ 1 እና 2 ወደ ክፍተቱ የገቡት ናቸው። እነዚህን ብዙ ጊዜ ሆድ ሳይከፈት፣ በማህፀን በር በኩል በካሜራ ገብቶ ማውጣት ይቻላል። ያንቺ ከነዚህ አንዱ ከሆነ የአክስትሽ ፍርሃት ብዙም አይመለከትሽም።

ከዕጢው በፊት ግን ደምሽን ተለኪ። ሄሞግሎቢን የሚባለው ነፍሰ ጡር ባልሆነች ሴት ከ12 በታች ከሆነ የደም ማነስ አለ ማለት ነው። ድሬ ላይ ይሄ ነገር ተደብቆ ይኖራል፣ ምክንያቱም ሁሉ ነገር በሙቀት ይመካኛል። ድካም? ሙቀቱ ነው። ራስ ማዞር? ሙቀቱ ነው። ቀፊራ ገበያ የምትነግድ የማውቃት ሴት አለች። ቀኑን ሙሉ በረዶ በኩባያ ይዛ ትቆረጥማለች። ድሬ ላይ በረዶ መቆርጠም ማን ልብ ይላል! ወር በገባ ቁጥር ጥቁር ቀሚስ ትለብሳለች፣ ገዢ ሄዶ እስኪያልቅም ከመቀመጫዋ አትነሳም። ስትለካ ሄሞግሎቢኗ 7 ሆኖ ተገኘ። በረዶ አምሮት ከብረት ማነስ የሚመጣ የታወቀ ምልክት ነው። አፈር ማማርም እንደዚያው። አንቺም ፍራንክፈርት ብርድ ውስጥ በረዶ የምትቆረጥሚ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው።

የብረት ኪኒን ካዘዙልሽ ከቡና፣ ከሻይና ከወተት ጋር አትውሰጂው። ከቡና ገለባ የሚፈላው ሃሻራም ያው ነው፣ የሐረር ልጆች እንዳትቆጡኝ። በብርቱካን ጭማቂ ይሻላል። ሰገራ ያጠቁራል፣ አያስደንግጥሽ። ሆድ ካስቸገረሽ ቀን እየዘለልሽ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂው። ቁጥሩ ተስተካከለ ብለሽም ወዲያው አታቁሚ፣ ሰውነት ክምችቱን ለመሙላት ተጨማሪ ወራት ይፈልጋል። ከምሳ በኋላ ጫት የምትቅሙ ደግሞ እራት እየዘለላችሁ ደም አነሰን አትበሉ።

ሕክምናው ኦፕሬሽን ብቻ አይደለም። በደም መፍሰሱ ቀናት ብቻ የሚዋጥ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል ኪኒን አለ። እግሯ ወይም ሳንባዋ ላይ ደም ረግቶባት ለሚያውቅ ሴት ግን አይሆንም። አይቡፕሮፌን ሕመሙን ያስታግሳል፣ ደሙንም ትንሽ ይቀንሳል፣ ጨጓራ ላለባት ግን ችግር ነው። ማህፀን ውስጥ ከሚቀመጠው መከላከያ፣ ከሉፕ፣ ሆርሞን ያለው ደሙን በጣም ይቀንሳል። እዚህ ላይ ብዙ ሴት ትሳሳታለች፦ የመዳብ ሉፕ ተቃራኒው ነው፣ ደም ያበዛል። ኦፕሬሽን ከተባለም ዕጢውን ብቻ አውጥቶ ማህፀንን መተው ይቻላል። ያልወለደች ሴት መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው። ዕጢው በኋላ ተመልሶ ሊበቅል ይችላል። ማህፀኑ በጥልቀት ተቆርጦ ከሆነ ደግሞ መውለዱ በኦፕሬሽን ሊሆን ይችላል፣ ቀድመሽ እወቂው። ማህፀን ማውጣት ከሁሉም በኋላ የሚመጣ፣ ወልዳ ለጨረሰችና ለፈለገች ሴት የሚሆን ነው።

ክረምት ልምጣ ላልሽው፣ እኔ አልደግፍም። ድሬ ድል ጮራ አለ፣ ሳቢያን ሆስፒታል አለ፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና አለ። ስለ ባለሙያው አይደለም። ሆድ ተከፍቶ ከሆነ ለማገገም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። አንቺ በዓመት ፈቃድ መጥተሽ፣ ቁስልሽ ሳይጠግግ ሻንጣ ጎትተሽ፣ ቦሌ ላይ ቀይረሽ ረጅም በረራ ልትቀመጪ ነው። ከኦፕሬሽን በኋላ እግር ላይ ደም የመርጋት አደጋ አለ፣ ረጅም መቀመጥ ደግሞ ያባብሰዋል። የወጣው ዕጢ የላቦራቶሪ ውጤት ሲመጣም አንቺ የለሽም። ኢንሹራንስሽ ያለው እዚያ ነው፣ እዚያው ጨርሺው። እማዬ ትናፍቃለች፣ ይገባኛል። እሷ ትምጣልሽ፣ ወይም ድነሽ ነይ።

ከጅዳ

ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የለኝም፣ ሐኪም ቤት መሄድ እፈራለሁ። እኔም ይበዛብኛል። የቱ ጋ ሲደርስ ነው የግድ መሄድ ያለብኝ?

ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን

እህቴ፣ በየሰዓቱ አንድ ሞዴስ እየሞላ ከ2 ሰዓት በላይ ከቀጠለ አትጠብቂ። ስትቆሚ ከወደቅሽ፣ ልብሽ በጣም ከመታ፣ ትንፋሽ ካጠረሽም እንደዚያው። ፔሬድሽ ቀርቶ በአንድ ጎን ጠንካራ ሕመም ከመጣ ከማህፀን ውጭ ያለ እርግዝና ሊሆን ይችላል፣ እሱ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ያኔ ወረቀት ሳትዪ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ከዚያ በመለስ ያለው፣ ማለትም ከ7 ቀን በላይ የሚቆይ፣ ትልልቅ የረጋ ደም ያለው፣ ወይም ከግንኙነት በኋላ የሚመጣ ደም፣ ቀጠሮ ተይዞ መታየት አለበት። ኪኒን ከሰው ተቀብለሽ አትዋጪ። ምክንያቱ ማዮማ ላይሆን ይችላል፣ የእንቅርት (ታይሮይድ) ሆርሞን ማነስም ደም ሊያበዛ ይችላል።

ከሐረር

እኔ ያላነሳችሁትን ላንሳ። እኛ አካባቢ ብዙዎቻችን ተገርዘናል፣ የተሰፋንም አለን። የእህቴ ልጅ ስዊድን ውስጥ ምርመራ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ፣ ሐኪሙ ደንግጦ ሌላ ሰው ሊጠራ ሲወጣ አልቅሳ ተመልሳለች። ሁለተኛ አልሄደችም። ምን ይሻላታል?

ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን

ጥሩ አነሳሽ። ቀጠሮ ስትይዝ ቀድማ ትናገር፣ በጽሑፍም ይሆናል። ሴት ሐኪም ትጠይቅ። አስተርጓሚ ዘመድ ባይሆን ይሻላል፣ በዘመድ ፊት እውነቱ አይወጣም። አልትራሳውንድ ከታች የግድ አይደለም፣ ውኃ ጠጥታ ፊኛዋ ሲሞላ በሆድ በኩል ይታያል። የተሰፋች ሴት ፔሬዷ እየተንጠባጠበ ብዙ ቀን ቢቆይ፣ ሽንት ቢያስቸግራት፣ ኢንፌክሽን ቢመላለስባት ምክንያቱ ስፌቱ ሊሆን ይችላል። በትንሽ ኦፕሬሽን ይከፈታል፣ ከወሊድ በፊትም መክፈት ይቻላል። ከወሊድ በኋላ «መልሳችሁ ስፉኝ» ማለት ግን በብዙ አገር በሕግ የተከለከለ ነው። የኛም የወንጀል ሕግ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በአንቀጽ 565 ግርዛትን፣ በ566 መስፋትን ያስቀጣል።

የማህፀን በር ካንሰር ምርመራም በዚሁ ፍርሃት የተነሳ ይቀራል። አውሮፓ ያላችሁ በብዙው አገር የምርመራ ጥሪ ደብዳቤው ቤታችሁ ድረስ ይመጣላችኋል፣ አትጣሉት። እዚህ ጤና ጣቢያ ላይ የማህፀን በሩን አሴቲክ አሲድ ቀብተው ያዩታል፣ የነጣ ቦታ ካለም ብዙ ጊዜ ካንሰር ሳይሆን በፊት እዚያው ያክሙታል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ ይመለከታችኋል። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ቀደም ብለው ይጀምራሉ።

ከፍራንክፈርት

አቦ ተባረኪ። ሪፖርቱን ነገ ደውዬ እጠይቃለሁ። አንድ ነገር ግን ቀረ። ይህን ሁሉ ለእማዬ በስልክ ሳነብላት ሳቀችና «እኔም እኮ ሰሞኑን ጠብ ጠብ ይለኛል፣ ወጣትነቴ ተመለሰ መሰለኝ» አለችኝ። ፔሬዷ ከቆመ ዓመታት አልፈዋል። ይሄ ምንድነው?

ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን

ካንቺ ይልቅ የእሷ ይቀድማል። የወር አበባ ከቆመ 12 ወር ካለፈው በኋላ የሚመጣ ደም፣ ጠብታም ቢሆን፣ መታየት አለበት። አብዛኛውን ጊዜ የብልት ወይም የማህፀን ሽፋኑ ሳስቶ ወይም ትንሽ ሥጋ በቅሎ ነው። የማህፀን ካንሰርም ግን የሚጀምረው እንዲህ ነው፣ ቶሎ ከተደረሰበት ደግሞ በደንብ ይታከማል። የማህፀን ሽፋን ውፍረት በአልትራሳውንድ ይለካላት፣ ካስፈለገም ናሙና ይወሰድላት። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ወይም ሌላ ኪኒን የምትወስድ ከሆነ ይዛው ትሂድ። በዚህ ሳምንት ካርድ ታውጣ፣ ክረምት አትጠብቅሽ። አጃቢ ከሌላት ስልኳን በውስጥ መስመር ላኪልኝ። እኔ ማክሰኞ ጠዋት ነፃ ነኝ፣ በባጃጅ መጥቼ አብሬያት እሄዳለሁ።