የማዘርቦርዱ ድምፅ ይበቃል ወይስ ሳውንድ ካርድ ልግዛ?

ጥያቄ፦ ባለ ማይኩ
ሰላም ለሁላችሁ። ዴስክቶፕ ላይ ለዩቲዩብ ትረካ እቀዳለሁ። ማይኩ ቢኤም-800 ነው፤ አብሮት በመጣው ገመድ ከኋላ ሮዙ ጃክ ላይ ሰክቼዋለሁ። ድምፄ በጣም ትንሽ ነው፣ ከፍ ሳደርገው ደግሞ ሽሽሽ የሚል ይገባበታል። ሄድፎኑን ከፊት ኬዙ ላይ ስሰካ ማውስ በነካሁ ቁጥር ቀጭን ጩኸት ይሰማል። የማዘርቦርዱ የድምፅ ቺፕ ሪልቴክ ኤኤልሲ897 ነው። ፒሲአይ ኤክስፕረስ ሳውንድ ካርድ (ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ፣ ለብቻው የሚሸጥ የድምፅ ካርድ) ልገዛ ነበር፤ ያዋጣል?

መልስ፦ ሽቦና ብየዳ
ቆይ፣ እንዳትገዛ። ሁለቱ ችግሮች ምንጫቸው ለየቅል ነው።

መጀመሪያ ሄድፎኑ። የፊቱ ጃክ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው ጫፉ ላይ ኤችዲ ኦዲዮ ተብሎ በተጻፈበት ቀጭን ገመድ ነው። ርካሽ ኬዝ ላይ ይህ ገመድ መከላከያ ሽፋን የለውም፣ የሚያልፈውም ብዙ ጊዜ በግራፊክስ ካርዱ አጠገብ ነው። ማውስ ስታንቀሳቅስ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ የሚስቡት ከረንት ከፍ ዝቅ ይላል፤ የምትሰማው እሱን ነው። ሄድፎኑን ከኋላ አረንጓዴው ላይ ሰክተህ ሞክር። ጩኸቱ ከጠፋ ቺፑ ጤነኛ ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍተህ፣ ከሶኬት ነቅለህ ገመዱን ከካርዱ አርቀው፣ በኬዙ ጠርዝ አሳልፈው።

ማይኩ ግን ሌላ ነገር ነው። ቢኤም-800 ኮንደንሰር (ለመሥራት ኤሌክትሪክ የሚፈልግ የማይክ ዓይነት) ስለሆነ በደንብ የሚሠራው በ48 ቮልት ፋንተም ፓወር፣ ማለትም በማይኩ ገመድ በኩል በሚላክለት ኤሌክትሪክ ነው። ሮዙ ጃክ የሚሰጠው ከ2 እስከ 5 ቮልት ቢሆን ነው። ይሠራል፣ ግን ድምፁ ይቀጭጫል። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ ማይክሮፎን ቡስትን (የማይኩን ድምፅ ማጉያውን) +30 ዲቢ (ዴሲቤል) ታደርገዋለህ፤ ይህ ድምፅህን 30 እጥፍ ገደማ ሲያጎላ ሽውታውንም በዚያው ልክ ያጎላዋል። የምትገዛው ተራ ሳውንድ ካርድም ያለው ያው 3.5 ሚሊሜትር ጃክ ነው፤ 48 ቮልት ከየት ያመጣል?

መልስ፦ ጆሮ ጠቢ ያልሆነ
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ሳውንድ ካርድ ግን ጨርሶ ጥቅም የለውም እንዳይባል። የማዘርቦርዱ ጃክ ከሞተ፣ 5.1 ስፒከር (ባለ ስድስት ስፒከር) ኖሮህ ጃኮቹ ካልበቁህ፣ ወይም ብዙ ጉልበት የሚፈልግ 250 ኦም ሄድፎን ይዘህ ድምፁ አልወጣ ካለህ ይረዳል። ለ32 ኦም ሄድፎን ግን ልዩነቱን ብዙ ሰው አይለየውም። ሁለተኛ እጅ ስትገዛ ደግሞ ጥርሱን (ማዘርቦርዱ ውስጥ የሚገባውን ጫፍ) እይ፤ የድሮዎቹ ሳውንድ ብላስተር ላይቭ ካርዶች የቀድሞው ፒሲአይ እንጂ ፒሲአይ ኤክስፕረስ አይደሉም፣ አዲስ ማዘርቦርድ ላይ አይገቡም።

ባለ ማይኩ
አመሰግናለሁ። ከኋላ ስሰካው ጩኸቱ ጠፋ። ቡስቱን ወደ +10 ሳወርደው ሽውታው ቀነሰ፣ ድምፄ ግን ከጉድጓድ የሚወጣ መሰለ። አንድ የረሳሁት፦ ስፒከሩ ማውስ ባልነካም እምምም ይላል፤ እሱስ?

መልስ፦ ዲቫይደር
ወፍራምና የማይቋረጥ ከሆነ የመብራቱ 50 ኸርዝ ነው። ስፒከሩን ከኮምፒውተሩ ነቅለህ ስልክህ ላይ ሰካው፤ ስልኩ ቻርጅ ላይ እንዳይሆን። ያኔም ካለ ችግሩ የራሱ የስፒከሩ ነው። ከጠፋ ኮምፒውተሩና ስፒከሩ በተለያየ ሶኬት በኩል ግራውንድ እየተጋሩ ነው፤ ሁለቱንም አንድ ዲቫይደር ላይ ሰካቸው። የፓወሩን የግራውንድ እግር ቆርጦ ዝም የሚያሰኝ ሰው አይጠፋም። እንዳትሞክረው፣ ኬዙ ሊነዝርህ ይችላል።

ለማይኩ የሚያስፈልግህ 48 ቮልት ያለው የዩኤስቢ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይኩ ተሰክቶበት ድምፁን በዩኤስቢ ወደ ኮምፒውተሩ የሚያስገባ ትንሽ ሳጥን) ነው። ቤሪንገር ዩኤም2 ወይም ዩኤምሲ22 ለትረካ ይበቃሉ፤ ሁለቱም በ48 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 48 ሺህ ናሙና) ይቀዳሉ። ፎከስራይት ስካርሌት ሶሎ ከነሱ ይሻላል፣ ግን ለአንድ ሰው ድምፅ የግድ አይደለም። ሰው የሚሳሳተው ገመዱ ላይ ነው፦ አሁን ያለህ ጫፉ 3.5 ስለሆነ 48 ቮልቱን አያሳልፍም። በሁለቱም ጫፍ ባለ ሦስት እግር ኤክስኤልአር (ክብ የማይክ መሰኪያ) የሆነ ገመድ አብረህ ግዛ።

ስትሰካ ጌይኑን (ኢንተርፌሱ ላይ ያለውን የማይክ ድምፅ ማጉያ ቁልፍ) ዜሮ አድርገው፣ ገመዱን አስገባ፣ ከዚያ 48 ቮልቱን ተጫንና ጥቂት ሰከንድ ጠብቅ። ዩኤስቢውን በቀጥታ ኬዙ ጀርባ ላይ እንጂ ሀብ (የዩኤስቢ ማብዣ) ላይ አትሰካው። ኦዳሲቲ (የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም) ከፍተህ በተለመደው ድምፅህ እየተናገርክ መለኪያው ላይ ከፍተኛው ከ-12 እስከ -6 ዲቢ እስኪደርስ ጌይኑን ጨምር። ዝም ስትል ከ-60 በታች ከወረደ ጥሩ ነው፤ -40 አካባቢ ከቆመ ጌይኑ በዝቷል ወይም ከማይኩ ርቀሃል። 15 ሳንቲሜትር ያህል ቅረበው። ደግሞ ይህ ማይክ ድምፅ የሚቀበለው ከጎኑ ነው፣ ከአናቱ አትናገር።